የእናትሽ ቦታ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሬጅስትራር ሂጂ

ጥያቄ፦ «በ2015 ዓ.ም. ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሲቪል ምህንድስና ተመርቄያለሁ። ውጤቴ 3.21 ነው። ሐዋሳ በአንድ የመንገድ ሥራ አማካሪ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ፤ መስከረም 5 ሁለት ዓመት ይሞላኛል። ጀርመን ሄጄ ማስተርሴን መማር እፈልጋለሁ። አንድ ኤጀንሲ «አድሚሽኑንም ቪዛውንም ጨርሰን እንሰጥሻለን» ብሎ 280 ሺህ ብር ጠይቆኛል፤ ግማሹን በቅድሚያ። ከዚያ ውጭ ለኤምባሲ 12 ሺህ ዩሮ ገደማ ይከፈላል ብለውኛል። እናቴ ዲላ ያላትን ቦታ እንሽጠው እያለች ነው። ምን ይሻለኛል? ከየትስ ልጀምር?»

መልስ፦

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ ለእናትሽ ደውይና ቦታውን እንዳይሸጡ ንገሪያቸው። ሌላው ይደረሳል። ቦታ አንዴ ከተሸጠ ግን ተመልሶ አይገዛም።

እኔ ድሬስደን ተምሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። ላለፉት 11 ዓመታት ውጭ መማር የሚፈልጉ ልጆችን ሳማክር ቆይቻለሁ። ቤትና ቦታ አሽጠው የሄዱ አውቃለሁ። የተሳካላቸው አሉ። ቪዛ ተከልክለው ገንዘቡም ቦታውም የቀረባቸው ግን ከአእምሮዬ አይጠፉም። ስለዚህ ነገሩን ቀስ ብለን እንየው። በጥያቄሽ ውስጥ አንቺ እንደ ተራ ነገር ጣል ያደረግሻት፣ ለእኔ ግን ትልቋ ነገር የሆነች መረጃ አለች። እመለስባታለሁ።

በገንዘቡ ልጀምር፤ የተሳሳተ ነገር ነው የነገሩሽ። ለኤምባሲ የሚከፈለው የቪዛ ማመልከቻ ክፍያ 75 ዩሮ ነው፤ በቃ። «12 ሺህ» የተባለው ልጆቹ ብሎክድ አካውንት የሚሉት፣ ጀርመኖቹ ደግሞ ሽፔርኮንቶ የሚሉት ዝግ ሒሳብ ነው። መጠኑ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ነው። ገንዘቡ የማንም ሳይሆን ያንቺው ነው፤ በስምሽ ይቀመጣል። ጀርመን ገብተሽ የባንክ ሒሳብ ስትከፍቺ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅልሻል። እሱ የቤት ኪራይሽ፣ የምግብሽና የጤና መድንሽ ነው። የጀርመን መንግሥት ይህን የሚጠይቀው «ይቺ ልጅ አንድ ዓመት በምን ትኖራለች?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ስለሚፈልግ ነው።

ወደ ብር ስትመልሺው ያስደነግጣል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከመወሰኑ በፊት፣ ማለትም ከሐምሌ 2016 በፊት፣ ዩሮ በባንክ 62 ብር ገደማ ነበር። የሚፈለገውም 11,208 ዩሮ ስለነበር ጠቅላላው ወደ 700 ሺህ ብር ይጠጋ ነበር። ዛሬ አንዱን ዩሮ በ150 ብር ብናሰላው እንኳ 1 ሚሊዮን 785 ሺህ 600 ብር ይመጣል። ከአማካሪ ድርጅት ደመወዝ ተቆጥቦ የሚሞላ አይደለም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። አንዳንድ ደላሎች ብሎክድ አካውንቱን በብድር እንሞላልሻለን ይላሉ። ቪዛው እስኪወጣ ገንዘቡን ያስቀምጡልሻል፤ አንቺ ደግሞ ከሄድሽ በኋላ በየወሩ የምትለቀቅልሽን 992 ዩሮ መልሰሽ ትልኪላቸዋለሽ። በወረቀት ላይ ያምራል። ኑሮው ላይ ግን ምን እንደሚያስከትል ላሳይሽ። በዚህ መንገድ የሄደ አንድ ልጅ በመጀመሪያው ክረምት ደውሎልኝ ነበር። ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል፤ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለዋል። ከአምስት ኮርስ ሦስቱን ወደቀ። በሕጉ መሠረት ተማሪ በዓመት መሥራት የሚችለው 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው። ያ ኪራይን ሊያግዝ ይችላል። ኪራይንም፣ ምግብንም፣ ዕዳንም አንድ ላይ አይችልም። ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድሽን ስታሳድሺ ለቀጣዩ ጊዜ በምን እንደምትኖሪ እንደገና ታሳያለሽ። ማስተርስ ሁለት ዓመት ነው። ቦታ ሸጦ የሄደ ሰው ሁለተኛው ዓመት ላይ የሚሸጠው ሌላ ቦታ የለውም።

አሁን ወደዚያች መረጃ ልመለስ። «መስከረም 5 ሁለት ዓመት ይሞላኛል» ብለሻል። ገንዘብሽ እሷ ነች።

የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ ዳአድ የምንለው ማለት ነው፣ ኢፖስ የሚባል የስኮላርሺፕ ፕሮግራም አለው። ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው። ዋናው መስፈርቱ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት በሙያሽ መሥራትሽ ነው። ዲግሪሽም እንደ ደንቡ ከስድስት ዓመት በላይ የቆየ መሆን የለበትም፤ ያንቺ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ካገኘሽው ለማስተርስ በወር 992 ዩሮ ይከፈልሻል፤ የጤና መድንና የጉዞ ድጎማም አለው። ብሎክድ አካውንት አያስፈልግሽም፤ የስኮላርሺፑ ደብዳቤ ይተካዋል። የቪዛውን 75 ዩሮም አትከፍይም።

ኢፖስ በማንኛውም ትምህርት ላይ አይሰጥም። ዳአድ በየዓመቱ የሚያወጣው የፕሮግራሞች ዝርዝር አለ፤ መምረጥ ያለብሽ ከዚያ ውስጥ ነው። ለሲቪል ምህንድስና ሰው ደግሞ ዝርዝሩ ቸር ነው። የሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲ የመሠረተ ልማት ዕቅድ ማስተርስና የውሃ ሀብት ምህንድስና ማስተርስ ባለፉት ዓመታት ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ዝርዝሩ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን ከዳአድ ድረ ገጽ ላይ አውርጂ። ማመልከቻው በአብዛኛው የሚገባው በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ነው። ዲድላይኑም እንደየፕሮግራሙ ይለያያል፤ ብዙዎቹ ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ውስጥ ይዘጋሉ። አሁን ነሐሴ ላይ ነን። ኦገስት ላይ የሚዘጉት አይሆኑሽም፤ ሁለት ዓመትሽ አልሞላማ። ኦክቶበር ላይ የሚዘጉትን ፈልጊ። ትምህርቱ የሚጀምረው በሚቀጥለው ዓመት ኦክቶበር ስለሆነ አንድ ዓመት አለኝ ብለሽ እንዳትዘናጊ። ያለሽ ሁለት ወር ነው።

ውጤትሽን በተመለከተ፣ «3.21 ይበቃል ወይ?» ብለሽ ሳትጨነቂ አትቀሪም። ጀርመን ውስጥ ትንሽ ቁጥር ነው ጥሩ፤ 1.0 ከሁሉ ይበልጣል፣ 4.0 ለጥቂት ማለፍ ነው። የእኛን ወደ እነሱ የሚቀይሩበት ቀመር ደግሞ ቀላል ነው። ከፍተኛው ውጤት 4.00 ላይ ያንቺን 3.21 ቀንሺ፤ 0.79 ይሆናል። በ3 አባዢው፤ 2.37። ከፍተኛው 4.00፣ ማለፊያው 2.00 ስለሆነ በልዩነታቸው በ2 አካፍይው፤ 1.185። 1 ደምሪበት፤ 2.185። ስለዚህ ውጤትሽ በጀርመን አቆጣጠር 2.2 አካባቢ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት 2.5 ወይም የተሻለ ነው። በእኛ ሲሆን 3.00 ማለት ነው። አልፈሻል። «ከ3.5 በታች ከሆነ አይሞከርም» የሚሉሽን አትስሚ።

እንግሊዝኛው ላይ ብዙ አልቆይም። አይኤልትስ 6.5 ብዙዎቹን በሮች ይከፍታል። ዛሬ ነገ ሳትዪ ተመዝገቢ። ውጤቱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል።

ሰነዶቹ ላይ ግን ልቆይ ነው። እኔም የተቃጠልኩት እዚያ ላይ ነው።

በ1999 ዓ.ም. አድሚሽን ለማግኘት የቀረኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ አሽጎ የሚሰጠው የውጤት ማስረጃ። ሬጅስትራር መስኮት ላይ ቆሜ ወረፋዬ ደረሰ። ሠራተኛዋ ማኅደሬን አገላበጠችና «የኮስት ሼሪንግ ክሊራንስህ የታለ?» አለችኝ፤ ከወጪ መጋራት ዕዳ ነፃ መሆኔን የሚያሳየውን ወረቀት ማለቷ ነው። አልነበረኝም። ለእሱ ሌላ ቢሮ ሄድኩ። ይዤ ስመለስ ፈራሚው የዓመት ፈቃድ ወጥተዋል ተባለ። ተክቶ የሚፈርም ሰው የለም። በየቀኑ እየሄድኩ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለችው አግዳሚ ላይ እቀመጥ ነበር። ፖስታው፣ ያቺ ቡናማ ፖስታ፣ ክዳኗ ላይ ማኅተም ተረግጦባት እጄ የገባችው ዲድላይኑ ካለፈ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። አንድ ሙሉ ዓመት በዘጠኝ ቀን አመለጠኝ። አሁንም ወጣቶች «ቴምፖዬ (ጊዜያዊ ዲግሪዬ) አለኝ፣ ስቱደንት ኮፒዬ (የተማሪ የውጤት ቅጂዬ) አለኝ፣ ሌላው ይደርሳል» ሲሉኝ ሆዴ ይባባል።

ስለዚህ በመጪው ሰኞ የሥራ ፈቃድ ጠይቂና ወደተመረቅሽበት ዩኒቨርሲቲ ሂጂ። የኮስት ሼሪንግ ዕዳሽ ስንት እንደቀረ ጠይቂ። አሠሪሽ ከደመወዝሽ እየቆረጠ ከሆነ የተከፈለውን የሚያሳይ ደብዳቤ ከድርጅቱ አጽፊ። ዕዳው ካልተዘጋ ኦርጅናል ዲግሪም ኦፊሻል ትራንስክሪፕትም ማግኘት ከባድ ነው። ዕዳውን ለመዝጋት ገንዘብ ቢጠይቅሽ እንኳ፣ ለኤጀንሲው ቅድሚያ ከመክፈል በእጥፍ የሚጠቅምሽ እሱ ነው። የታሸገ ፖስታ ከሰጡሽ ደግሞ አትክፈቺው። ፖስታውን «ስህተት ካለበት ልየው» ብላ የከፈተች ልጅ አጋጥማኛለች፤ እንደገና ለማሳሸግ ከጎንደር አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች።

ሌላው ስም ነው። ፓስፖርትሽን፣ ዲግሪሽን፣ ትራንስክሪፕትሽንና የልደት ሰርተፍኬትሽን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግተሽ ፊደል በፊደል አስተያይው። ዮሐንስ በፓስፖርቱ ላይ በዋይ፣ በዲግሪው ላይ በጄ ተጽፎ ይገኛል። የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ይጎድላል። እኛ «አንድ ሰው ነው፣ ይታወቃል» እንላለን። ፋይሉን የሚያየው ሰው ግን አያውቅሽም፤ የሚያውቀው ወረቀቱን ነው። ልዩነት ካለ ዛሬ ማስተካከል ጀምሪ። ፓስፖርት ከሌለሽ ወይም ሊያልቅ ከተቃረበም እንዲሁ።

ከመሥሪያ ቤትሽ ሁለት ደብዳቤ ያስፈልግሻል። አንዱ የሥራ ልምድ ነው፤ የጀመርሽበት ቀን፣ የሥራ መደብሽና ሙሉ ጊዜ መሥራትሽ የተገለጸበት፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት። ሁለተኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነው። አለቃሽ «ስትመለስ እንቀበላታለን» የምትል መስመር ቢጨምሩበት ለኢፖስ ትልቅ ነገር ነው። ፕሮግራሙ የቆመው ተምራ ለአገሯ ትሠራለች በሚል ሐሳብ ላይ ነውና።

ሪኮመንዴሽን፣ ማለትም ስለ አንቺ የሚመሰክር ደብዳቤ፣ ለማጻፍ መምህራን ጋ ስትሄጂ ደግሞ «ራስሽ ጽፈሽ አምጪና ልፈርም» ሊሉሽ ይችላሉ። የተለመደ ነው፤ ሥራ ይበዛባቸዋል። ግን አትጻፊው። ለምን መማር እንደፈለግሽ ራስሽ የምትጽፊው ሞቲቬሽን ሌተርና ሪኮመንዴሽንሽ በአንድ እጅ የተጻፉ ከሆነ ያስታውቃል። ይልቅ አንድ ገጽ ማስታወሻ አዘጋጅተሽ ስጫቸው፦ የትኛውን ኮርስ እንዳስተማሩሽ፣ ስንት እንዳመጣሽ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽ ምን እንደነበር፣ አሁን ምን እንደምትሠሪ። ያ ካላቸው ደብዳቤው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በጂሜይል ሳይሆን በዩኒቨርሲቲው ኢሜይላቸው እንዲጽፉም ጠይቂያቸው።

ሞቲቬሽን ሌተሩን «ከልጅነቴ ጀምሮ መሐንዲስ የመሆን ሕልም ነበረኝ» ብለሽ እንዳትጀምሪ። በዓመት ውስጥ ይህን ዓረፍተ ነገር ስንቴ እንደማነብ ቆጥሬ አልጨርሰውም። የምትሠሪው መንገድ ላይ ነው። ዝናብ ሲመጣ የተነሣ ቱቦ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዲዛይኑ ላይ ያለው የውሃ መጠንና መሬት ላይ የመጣው ውሃ አልገናኝ ብሎሽ ያውቃል? እሱን ጻፊ። የትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ወር፣ ምን ሆነ፣ አንቺ ምን ለማድረግ ሞከርሽ፣ ምን ማወቅ ጎደለሽ። ከዚያ ያ የጎደለሽ ነገር በዚያ ፕሮግራም ውስጥ የትኛው ኮርስ ላይ እንዳለ አሳዪ። ሁለት ገጽ ይበቃል።

ኤጀንሲውን በተመለከተ ቁጥሩ ይናገር። ስኮላርሺፑ ባይሳካና በራስሽ ብታመለክቺ፣ ብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት ዩኒ አሲስት በሚባል ማዕከል በኩል ነው። የመጀመሪያው ማመልከቻ 75 ዩሮ፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ 30 ዩሮ ነው። ሦስት ቦታ ብታመለክቺ 135 ዩሮ፤ በዚያው በ150 ብር ስሌት 20,250 ብር። ዓለም አቀፍ ካርድ ከሌለሽ ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ ይከፍልልሻል። ከ280 ሺህ ጋር አስተያይው። ፎርም ለመሙላት የሚያግዝሽ ሰው ከፈለግሽ ለድካሙ ብትከፍይ ነውር የለበትም። «ቪዛ ጨርሼ እሰጣለሁ» የሚል ሰው ግን የሌለውን ነገር ነው የሚሸጥልሽ። ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲው ብቻ ነው። ኦርጅናል ፓስፖርትሽን እኛ ጋ ይቀመጥ ካሉሽ፣ ወይም የባንክ ስቴትመንትና የሥራ ልምድ «እናሠራለን» ካሉሽ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ ውጪ። ሐሰተኛ ወረቀት ቢገኝ ስሙ የሚበላሸው ያንቺ ነው።

በራስ ወጪ መሄድን ጨርሶ አልከለክልሽም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የላቸውም፤ በየሴሚስተሩ መዋጮ ብቻ ነው። ሽቱትጋርትና ሃይደልበርግ ያሉበት የባደን ቩርተምበርግ ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲም ከ2024 ጀምሮ ማስከፈል ጀምሯል፤ ለማስተርስ በሴሚስተር ከ4,000 እስከ 6,000 ዩሮ ነው። «ጀርመን ነፃ ነው» ሲባል ሰምተሽ እነዚህን እንዳትዘነጊ። ለኑሮው ደግሞ ጀርመን የሚኖር፣ በቂ ገቢ ያለው የቅርብ ዘመድ ካለሽ፣ በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርቦ «ወጪዋን እችላለሁ» ብሎ ሊፈርምልሽ ይችላል። ያ ብሎክድ አካውንቱን ይተካል። ፊርማው ግን ሕጋዊ ግዴታ ነው። አጎት ስለሆነ ብቻ «ፈርምልኝ» አይባልም፤ ቁጭ ብሎ ተነጋግሮ ነው። አሜሪካ ወይም ሌላ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት ካለሽ ገንዘቡን ከዚያው ሆኖ በቀጥታ ዝግ ሒሳብሽ ውስጥ ማስገባት ይችላል።

ከጀርመን ውጭም በዚሁ ሰነድ ሞክሪ። ኤራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፤ በሁለት ወይም በሦስት አገር ነው የምትማሪው። የሥራ ልምድ ቢረዳም በብዙዎቹ ግዴታ አይደለም። የብዙዎቹ ዲድላይን ከገና በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው። የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕም ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው፤ ጃንዋሪ አጋማሽ አካባቢ ይዘጋል። ወርኃዊ ክፍያው ትንሽ ስለሆነ በኪሳራ ላለመኖር አስቢበት።

ቪዛው ላይ ስትደርሺ እንነጋገራለን፤ ሁለት ነገር ብቻ አሁን ያዢ። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የረዥም ጊዜ ቪዛ ማመልከቻ በጀርመን ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ በኩል ይገባል፤ ከዚያ ለአሻራና ለኦርጅናል ሰነድ ኤምባሲ ትጠሪያለሽ። ወረፋ ስላለ የአድሚሽን ደብዳቤው በደረሰሽ ዕለት አስገቢ። ሁለተኛው፣ ድሮ የተከለከለ ሰው ለኤምባሲው የቅሬታ ደብዳቤ ጽፎ እንደገና ያስታይ ነበር። ያ አሠራር ከጁላይ 2025 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ያለው ምርጫ እንደገና ማመልከት ወይም በርሊን ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ያስገባሽው ፋይል የተሟላ መሆን አለበት።

ሰኞ ሬጅስትራር ስትሄጂ ጠዋት 2 ሰዓት ከ30 ሳይሞላ ድረሺ፤ ወረፋው ከረፈደ አይቻልም። ቴምፖሽን፣ መታወቂያሽንና የድርጅቱን የኮስት ሼሪንግ ደብዳቤ ያዢ። ፈራሚው ማን እንደሆኑና መቼ ፈቃድ እንደሚወጡም ጠይቂ። ማታ የዳአድን ዝርዝር ክፈቺና ኦክቶበር ላይ የሚዘጉ ሁለት ሦስት ፕሮግራሞች ምረጪ። ስማቸውን እዚሁ ጻፊልኝ፤ መስፈርታቸውን አብረን እናየዋለን።